“ሥጋ ደዌ ካለቀ ሙከራው ለምን?” ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ተላከልኝ። ሦስቱም የሥጋ ደዌ ታማሚዎች የሚታከሙበት አለርት ሆስፒታል ባለበት፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ማደጌን ስለሚያውቁ ነው። ጽሑፉ ስለ ሥጋ ደዌ ታማሚዎችና በእነሱ ላይ ስለሚደረጉ የመድኃኒት ሙከራዎች ያወራል። አንብቤ ስጨርስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሥጋ ደዌ አልቋል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ሕክምናቸውን ጨርሰው “ሪአክሽን ያዘን” የሚሉት (ትኩሳቱንና እብጠቱን ማለታቸው ነው) በሽታው አገርሽቶባቸው ነው። ለሕመሙም ቢሆን ፕሬድኒሶሎን አለ፣ ዋጋው ርካሽ ነው። እሱ ካልበቃ ታሊዶማይድ እንደሚሠራ ከታወቀ ቆይቷል። ታዲያ የካንሰር መድኃኒት አምጥቶ ድሃን መሞከሪያ ማድረግ ለምን? ለዓመታት ሞክረውስ ምን አገኙ? ገንዘቡ ለታማሚዎቹ ጫማ ይገዛበት።

ጸሐፊው ለታማሚዎቹ ተቆርቁረው እንደጻፉ ይገባኛል። በክፋት አላየሁትም። ግን እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። አጎቴ ደግሞ ከዚሁ ሪአክሽን ጋር ዓመታት የታገለ ሰው ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ባስቀመጧቸው ነጥቦች ላይ አንድ በአንድ ልመልስ።

“ሥጋ ደዌ አልቋል”

አላለቀም። “ጠፋ” የሚባለው ከ10,000 ሰው ውስጥ በሕክምና ላይ ያለው ታማሚ ከአንድ በታች ሲሆን ነው። ኢትዮጵያ እዚህ መለኪያ ላይ የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መለኪያው ግን ዜሮ ማለት አይደለም። ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ170,000 በላይ አዳዲስ ሰዎች ይገኛሉ። በእኛ አገር ቁጥሩ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ነው። ከእነሱ ውስጥ ልጆችም አሉ።

መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል ያሉት ግን እውነት ነው። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን አንድ ላይ እንዲሰጡ የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በመላው ዓለም በነፃ ይታደላል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች የሚገድሉት ባክቴሪያውን ነው። ሪአክሽን ሌላ ነገር ነው።

“ሪአክሽን የሚሉት ማገርሸት ነው”

ይህን ነጥብ ሰከን ብለን እንየው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በአንዳንድ ታማሚዎች ሰውነት ውስጥ ባክቴሪያው በቢሊዮን ይቆጠራል። መድኃኒቱ ይገድለዋል። የሞተው ባክቴሪያ ግን ወዲያው ከሰውነት አይጸዳም። ስብርባሪው ቆዳና ነርቭ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የሰውነት መከላከያ ይህን ስብርባሪ ሲያገኘው ይቆጣል። ያኔ ትኩሳት ይነሳል። ፊት፣ ክንድና እግር ላይ ቀያይና ትኩስ እብጠቶች ይወጣሉ። ጨርቅ ሲነካቸው እንኳ ያማሉ። መገጣጠሚያ ያብጣል። ዓይን ይቀላል፣ ብርሃን ማየት ያቅተዋል። ወንዶች ላይ የዘር ፍሬ ያብጣል። ነርቭ ይቆስላል። ይህ በሕክምናው ቋንቋ ኤሪቴማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም ይባላል፤ ዓይነት 2 ሪአክሽን የሚሉትም አሉ። ዓይነት 1 የሚባለው ደግሞ በዋናነት የቆዳ ምልክቶቹንና ነርቮቹን የሚያስቆጣው ነው። እጅን ሽባ፣ እግርን ደንዛዛ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ይህ ማገርሸት ቢሆን ኖሮ ከሕክምና በኋላ ብቻ ይመጣ ነበር። ሪአክሽን ግን ሕክምና ከመጀመሩ በፊትም፣ በመሃልም፣ ካለቀ በኋላም ይነሳል። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ቤት የሚሄደው በሪአክሽኑ ምክንያት ነው። ሥጋ ደዌ እንዳለበትም የሚያውቀው ያኔ ነው። እውነተኛ ማገርሸት አለ፣ ግን ብርቅ ነው። ዓይነት 2 ሪአክሽን ግን ብርቅ አይደለም። ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ባክቴሪያው በጣም ከበዛባቸው ታማሚዎች ግማሽ ያህሉን ይዟል።

አጎቴ የ12 ወር ኪኒኑን አንድ ቀን ሳያዛንፍ ጨርሷል። ካርዱ ላይ “ጨርሷል” ተብሎ ሲጻፍለት እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ትኩሳቱ ጀመረው። እሱም እንደ ጸሐፊው ነበር ያሰበው። “መድኃኒቱ አልሠራም” አለ። መድኃኒቱ ሠርቷል።

“ፕሬድኒሶሎን አለ፣ ርካሽ ነው”

እውነት ነው፣ ኪኒኑ ርካሽ ነው። ይሠራልም። ትኩሳቱንም እብጠቱንም በቀናት ውስጥ ያበርደዋል። ለዓይነት 1 ሪአክሽን ለጥቂት ወራት እየተቀነሰ ከተሰጠ ነርቭ ያድናል። ማንም ሐኪም ይህን አይክድም።

ችግሩ ዓይነት 2 ላይ ነው። ይህ ሪአክሽን ይመላለሳል። መጠኑ ሲቀነስ ይነሳል። መልሶ ይጨመራል። ሲቀነስ ደግሞ ይነሳል። እንዲህ እያለ ዓመታት ይቆጠራሉ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወሰድ አንድ መድኃኒት ነው፤ ለዓመታት ሲወሰድ ሌላ ነው። ስኳር ያመጣል። ደም ግፊት ይጨምራል። አጥንት ያሳሳል። የዓይን ሞራ ያመጣል። የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ተኝቶ የነበረ ቲቢ ይቀሰቅሳል።

አጎቴ ወረቀቱ ሲያልቅበት ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ መግዛት ጀመረ። ማንም “ለምን?” አላለውም። ሦስት ዓመት ከምናምን እንዲሁ ገዝቶ ዋጠ። ፊቱ ድቡልቡል አለ። አገር ቤት ሲሄድ “አዲስ አበባ ተስማማህ፣ አማረብህ” አሉት። እኔም ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መድኃኒቱ ያበጠው ፊት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ክፍል ውስጥ ስማር ነው። እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ከዚያ ስኳር ተገኘበት። ቀጥሎ አንድ ዓይኑ ላይ ሞራ ወጣ። አንድ የጥምቀት ሰሞን አገር ቤት ሄዶ ኪኒኑ አለቀበት። “አሁን ደህና ነኝ” ብሎ ተወው። በአራተኛው ቀን ተዝለፍልፎ ወደቀ። ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ያቆማል። ድንገት ሲቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በሰው ጀርባ ነው ጤና ጣቢያ ያደረሱት።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው ቢሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። እዚሁ አዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል በታከሙ ሰዎች መዝገብ ላይ የተሠራ ነው። ዓይነት 2 ሪአክሽን የነበረባቸው ሰዎች ከሌሎቹ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ይበልጥ ሞተዋል። ከሞቱት የሚበዙትም የሞቱት ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ በመውሰድ በመጣ ጣጣ ነው። ፕሬድኒሶሎን ማለት ስቴሮይድ ነው።

ስለዚህ “ርካሽ” ስንል የምንቆጥረው ምኑን ነው? የኪኒኑን ዋጋ ብቻ ከሆነ አዎ። የአጎቴ የስኳር መድኃኒት፣ የዓይን ቀዶ ሕክምናው፣ የአውቶቡስ ትኬቱ፣ አብራው የምትሄደው ልጁ የቀረችበት የሥራ ቀን ግን ከየት ይቆጠር? ሕንድ ውስጥ ምዕራብ ቤንጋል ላይ የታማሚ ቤተሰቦችን ወጪ ያጠኑ ሰዎች የጠፋው ገቢ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አይተዋል። ሙከራው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ዋጋው የሰው አቅም የሚደርስበት፣ ደግሞ ታማሚውን ከፕሬድኒሶሎን ጥገኝነት የሚያላቅቅ መድኃኒት።

“ታሊዶማይድ አለ”

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ታሊዶማይድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ያዕቆብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም ኢየሩሳሌም ውስጥ በሪአክሽን እንቅልፍ ላጣ ታማሚ እንቅልፍ ያመጣል ብሎ ሰጠው። ሰውየው ተኛ። እብጠቱና ሕመሙም አብሮ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ታሊዶማይድ ለዓይነት 2 ሪአክሽን ፈጣኑ መድኃኒት ሆኖ ቆይቷል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ ፈቅዳዋለች።

ጸሐፊው ያልጻፉት ሌላው ግማሽ ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ባለው ጊዜ ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ተሰጥቶ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅ ወይም እግር ሳይኖራቸው፣ አለዚያም በሌላ ጉዳት ተወለዱ። አንዲት ነፍሰ ጡር በስሕተት ጥቂት ብትወስድ ይበቃል። ብራዚል መድኃኒቱን ለሥጋ ደዌ መጠቀሟን ቀጥላለች። ቁጥጥር ቢኖርም እዚያ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከዚያ በኋላም ተወልደዋል። ኪኒን በቤት ውስጥ ይተላለፋል፤ የባል መድኃኒት ሚስት ትውጠዋለች። ማሸጊያው ላይ የነበረውን የተሰረዘች ነፍሰ ጡር ሥዕል አይተው የወሊድ መከላከያ የመሰላቸው ሴቶች እንደነበሩም ተዘግቧል።

የእኛን አገር መድኃኒት ቤቶች አስቡ። አጎቴ ፕሬድኒሶሎን እንደ ከረሜላ ገዝቷል ብያለሁ። ታሊዶማይድ እንዲህ ቢሸጥስ?

ሌላም አለ። ታሊዶማይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ሥጋ ደዌ ደግሞ የነርቭ በሽታ ነው። በጥብቅ ቁጥጥር፣ ለተመረጡ ታማሚዎች መገኘቱን እኔም እደግፋለሁ። “እሱ አለና ሌላ አትፈልጉ” የሚለውን ግን አልቀበልም። ሪአክሽን ያለባት የ25 ዓመት ሴት ምን ትውሰድ?

(ክሎፋዚሚንም በከፍተኛ መጠን ይረዳል። ግን ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት ይፈጅበታል። ቆዳንም ያጠቁራል። ሰው ቆዳውን እያየ የሚሸሸው ታማሚ ይህን ምን ያህል እንደሚፈራው ቀርቦ መጠየቅ ነው።)

“የካንሰር መድኃኒት ነው”

ሜቶትሬክሴትን ማለታቸው ነው። አዎ፣ በከፍተኛ መጠን ለካንሰር ይሰጣል። በትንሽ መጠን፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲወሰድ ግን ለመገጣጠሚያ ብግነትና ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታ ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለ መድኃኒት ነው። የተቆጣ የሰውነት መከላከያን ያበርዳል። ሪአክሽንም የተቆጣ የሰውነት መከላከያ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከዚህ ነው።

አደጋ የለውም አልልም። ጉበትና የደም ሴሎች በምርመራ መታየት አለባቸው። ነፍሰ ጡር አትወስደውም፤ በዚህ በኩል ለወጣቷ ሴት እሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ሰው በሳምንት የሚወሰደውን በየቀኑ ከወሰደ ሊሞት ይችላል። እኔ መድኃኒቱን ስሰጥ ቀኑን እሽጉ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ፣ “ሰኞ ብቻ” ብዬ። ታማሚው መልሶ እስኪነግረኝም አለቅቀውም። ከእሱ ጋር የሚሰጠው ፎሊክ አሲድም ጉዳቱን ይቀንሳል። እነዚህ የታወቁ አደጋዎች ናቸው፤ ሐኪም ሊከታተላቸው ይችላል።

ጸሐፊው “የመድኃኒት ኩባንያዎች ጥቅም” የሚል ሐረግም ጣል አድርገዋል። ሜቶትሬክሴት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ባለቤትነቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ። ማንም ፋብሪካ ሊያመርተው ይችላል። እንዲያውም ለሥጋ ደዌ ቶሎ ሳይሞከር የቆየው የሚያተርፍበት ኩባንያ ስለሌለ ይመስለኛል።

“ምን አገኙ?”

ብዙ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ሙከራ ለነርቭ ጉዳት ፕሬድኒሶሎንን ለ20 ሳምንት ከመስጠትና ለ32 ሳምንት ከመስጠት የትኛው ይሻላል ብሎ አነጻጸረ። ልዩነት አልተገኘም። ይህ ማለት ብዙ ታማሚዎች ከተጨማሪ 12 ሳምንት ስቴሮይድ ተረፉ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የሕንድ ሙከራ ደግሞ አዛቲዮፕሪን የተባለውን ርካሽ መድኃኒት ከፕሬድኒሶሎን ጋር ለዓይነት 1 ሪአክሽን ሞከረ። ምንም ጥቅም አልጨመረም። ይህም ትልቅ መልስ ነው። ያለ ሙከራ ቢሆን ሐኪሞች በተስፋ ብቻ ሲሰጡት ይኖሩ ነበር።

እዚሁ አለርት ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት ተሞክሯል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። በዓይነት 1 ሪአክሽን መሻሻሉ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ተቀራራቢ ነበር። ተጨማሪ ፕሬድኒሶሎን ያስፈለጋቸው ግን በሳይክሎስፖሪን በኩል በዝተዋል። ዋጋውም ውድ ነው። ለዚህ ነው ፍለጋው ወደ ርካሹ የዞረው።

“ድሃን መሞከሪያ ማድረግ ነው”

ይህን ነጥብ ቀለል አድርጌ አላልፈውም። የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ታሪክ ያስፈራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮበን ደሴት ላይ፣ ሃዋይ ውስጥ ሞሎካይ ላይ ተግዘው ኖረዋል። ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ የሚጠቅሱት ሌላም ታሪክ አለ። ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ኖርዌጂያዊው አርማወር ሐንሰን ነው። አለርት ግቢ ውስጥ ያለው የምርምር ተቋም በስሙ ይጠራል። ይህ ሰው በ1879 የአንዲት ታማሚን ዓይን ያለ ፈቃዷ በሽታውን ለማስተላለፍ ወጋ። ተከሰሰ። በ1880 ፍርድ ቤት ከሆስፒታል ሥራው አነሳው። ስለዚህ ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ግን ዛሬ የምንነጋገርበትን ሙከራ እንየው። ባንግላዴሽ፣ ብራዚል፣ ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያና ኔፓል አብረው ያሉበት ነው። ታማሚዎቹ በዕጣ በሁለት ይመደባሉ። ሁለቱም ወገን ለ20 ሳምንት እየተቀነሰ የሚሄድ ፕሬድኒሶሎን ያገኛል። አንዱ ወገን በተጨማሪ ለ48 ሳምንት ሜቶትሬክሴት ይወስዳል። ሌላው የሚወስደው ተመሳሳይ መልክ ያለው፣ መድኃኒት የሌለው ኪኒን ነው። ማን የቱን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም። ጸሐፊው “ግማሾቹን ያለ ሕክምና ትተዋቸው” ያሉት ትክክል አይደለም። ማንም ያለ ሕክምና አይተውም። በሌላ ጊዜ የሚያገኘውን ሕክምና ሁሉም ያገኛል፣ ክትትሉም ይጨመርለታል።

አሁን አጎቴን አስቡት። ሦስት ዓመት ፕሬድኒሶሎን ሲውጥ ያ ምን ነበር? ደሙን ማንም አልመረመረም። ስኳሩን ማንም አልለካም። ምን እንደደረሰበት በወረቀት ላይ የያዘ የለም። ፈቃዱን የጠየቀው፣ አደጋውን የነገረው፣ “መቼም ማቆም ትችላለህ” ያለው አልነበረም። ያ ሙከራ አልነበረም ይባላል። እኔ ግን ከዚያ የባሰ ሙከራ አላውቅም። ተሞክሮበት፣ ውጤቱ እንኳ ለሌላ ሰው ሳይጠቅም ቀረ።

ፈቃድ በትክክል መጠየቁን፣ ቅጹ ታማሚው በሚገባው ቋንቋ መነበቡን፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰውን የማያስገድድ መሆኑን፣ መድኃኒቱ ከሠራ በኋላ ለእኛ ታማሚዎች መድረሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ጸሐፊው እነዚህን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

“ጫማ ይገዛበት”

ጫማው ያስፈልጋል። እግሩ ለደነዘዘ ሰው ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ከቁስል ያድነዋል። ግን እግሩ የደነዘዘው ነርቩ ስለሞተ ነው። ነርቩን ብዙ ጊዜ የገደለው ሪአክሽን ነው። ለአንዱ ሲባል ሌላው ይቅር የሚባልበት ነገር አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው “ለምጻሞች” ብለው ጽፈዋል። ቃሉ ይቅር። ሥጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች ማለት ይበቃል።

የመጨረሻውን በቀጥታ ለእርስዎ ልበል። ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ መጨረሻ አካባቢ ያለችው አንድ መስመር ናት። “እብጠቱ የወጣባቸው ሰዎች እስኪሻላቸው ከቤተሰብ ተለይተው ቢቆዩ ይመረጣል” ብለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሪአክሽን አይተላለፍም። ሕክምና የጀመረ ሰው ባክቴሪያውንም ማስተላለፍ የሚያቆመው በቅርብ ጊዜ ውስጥ ነው። አጎቴ ሕክምናውን ጨርሶ፣ ነፃ ሆኖ፣ እብጠቱ ፊቱ ላይ ሲወጣ የተከራየባት ሴትዮ “ልጆች አሉኝ” ብላ የአንድ ወር ጊዜ ሰጥታ አስወጥታዋለች። ትኩሳት ላይ ሆኖ ነው ዕቃውን ያሸከመው። ያን ጊዜ ሴትዮዋን ተቆጥቼ ነበር። አሁን ሳስበው የሰማችውን ነው ያደረገችው።

እባክዎ ያችን መስመር ያርሟት። ጽሑፍዎን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች አንዷ ግቢዋ ውስጥ አራት ክፍል ታከራያለች። የላከችልኝ ያንኑ መስመር አስምራበት፣ “እውነት ነው እንዴ?” ብላ ነው።